የጊታር አልበም ሰምተው ሲፈርዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጊታር የማስተምራቸው ልጆች ልምምድ ሲያበቃ እኔው ቤት ይቀመጡና ሸክላ እንሰማለን። ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ይቀርባል፣ ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። ለአዲስ ገቢዎች ሁልጊዜ የማስቀድመው አንድ አልበም አለ፤ እንግሊዛዊው ጊታሪስት ጄፍ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው «ብሎው ባይ ብሎው»። ዘጠኝ ሙዚቃ፣ 44 ደቂቃ ገደማ፣ ዘፋኝ የለበትም። ፈንክ አለበት፣ ሬጌ ይነካዋል፣ ጃዝና ሮክ ይቀላቀሉበታል፣ መጨረሻው ላይ ኦርኬስትራ ይገባል። እንዲህ ሆኖ በአሜሪካ የአልበም ሰንጠረዥ እስከ 4ኛ ደረጃ ወጥቷል።

አስተያየት የሰጠ ሁሉ ከእኔ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ «የት ላይ?» አሪፍ ነው ካልክ የት ላይ? አሰልቺ ነው ካልሽ የት ላይ? ቦታውን ማሳየት የሚችል ሰው ቢነቅፍም ቢያደንቅም ከእሱ እማራለሁ። ግን በየዓመቱ የሚመጡት ስህተቶች ያው ናቸው። ዘንድሮም ስለተደገሙ ልጻፋቸው።

ሳይጨርሱ መፍረድ

ይህን ስህተት ለዓመታት የሠራሁት እኔው ነኝ። አልበሙን መጀመሪያ ያገኘሁት አንድ ጓደኛዬ በባለ 60 ደቂቃ ካሴት አንደኛው ገጽ ላይ ቀድቶልኝ ነው። አንዱ ገጽ የሚይዘው 30 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ሰባተኛው ሙዚቃ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። እኔ ግን አልበሙ ያለው ይኸው ነው ብዬ ነበር። «ጥሩ ጀምሮ አቅም አጣ» እያልኩ ስንቱን ተከራከርኩ! አንድ ታላቄ የሆነ ጊታሪስት «የመጨረሻውን ሰምተኸዋል?» ብሎ ሲጠይቀኝ እንኳ «ሰምቻለሁ» አልኩት፤ ሰምቻለሁ ብዬ አምን ነበርና። ሙሉውን ሸክላ ስሰማ የጎደሉኝ ከ13 ደቂቃ በላይ ነበሩ። በነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ «ፍሪዌይ ጃም» አለ፣ ብቻውን ከ8 ደቂቃ በላይ የሚሄደው «ዳይመንድ ደስት»ም አለ። አልበሙ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ታላቄን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ዛሬ ካሴት አይቋረጥባችሁም፤ በስልካችሁ እናንተው ትዘላላችሁ። አራተኛው ሙዚቃ ሳይቋረጥ ወደ አምስተኛው ይፈስሳል። ተራውን ካዛባችሁት ያ መጋጠሚያ ይጠፋል፣ «ድንገት ተቆረጠ» የሚል አስተያየት ይመጣል። የቆረጣችሁት እናንተ ናችሁ።

«ዝብርቅርቅ ነው»

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰማሁት! ባለፈው ጥቅምት የመጣ አንድ ልጅ ሦስተኛው ሙዚቃ ላይ ብድግ ብሎ «ጋሼ፣ ሰውየው ምን መሆን እንደሚፈልግ አያውቅም» አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ እጁ ፈጣን ነው፣ ጆሮው ግን ገና መለያ ስም እየፈለገ ነው የሚሰማው። ይህ ሮክ፣ ይህ ጃዝ፣ ይህ ፈንክ ብሎ በየሳጥኑ ያስገባል፤ ሳጥኖቹ ሲበዙበት ጥፋቱን በሙዚቀኛው ላይ ይጥላል።

አንድ ነገር ጠየቅሁት። አዝማሪ ቤት ገብተህ ታውቃለህ? ታውቃለህ። ያው ሰው፣ በዚያችው አንድ ክር ባላት ማሲንቆ፣ በአንድ ምሽት ሙሽራ ያሞግሳል፣ በር ላይ የቆመውን እንግዳ ይሸነቁጣል፣ ሽለላ ይወርዳል፣ ትዝታ ይዘልቃል፣ ከዚያ ሰዉን እስክስታ ያስወርዳል። «ምን መሆን እንደሚፈልግ አያውቅም» ብለህ ወጥተህ ታውቃለህ? አታውቅም። ምክንያቱም ቀስቱን የያዘው እጅ አንድ ነው፣ ድምጹም አንድ ነው። እኛ ቅኝት ሲቀየር ያደግን ሰዎች ነን። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ በአንድ መድረክ ሲፈራረቁ ግራ አይገባንም። የውጭ ጊታሪስት ላይ ሲሆን ግን አንድ መልክ ብቻ እንዲይዝ እንፈልጋለን።

ደግሞ ይህ አልበም ከየቦታው የተለቃቀመ አይደለም። ቤክ ከዚያ በፊት ያርድበርድስ ውስጥ ተጫውቷል፣ ሮድ ስቱዋርት የዘፈነበት የራሱ ባንድ ነበረው፣ ከዚያም በሦስት ሰው የሮክ ቡድን ሠርቷል። ያን ሁሉ ዓመት ከዘፋኝ አጠገብ ቆሞ ነበር። እዚህ አልበም ላይ ግን ዘፋኙን ትቶ ለንደን ኤየር ስቱዲዮ ገባ፤ ፕሮዲውሰሩ የቢትልስን ሥራዎች የመራው ጆርጅ ማርቲን ነው። ማርቲን ከጥቂት ጊዜ በፊት ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ ከሚባለው የጃዝ-ሮክ ባንድ ጋር ሮክን፣ ጃዝንና ትልቅ ኦርኬስትራን አቀናጅቶ ነበር። ስለዚህ የቅጦቹ መፈራረቅ ታስቦበት የተሠራ ነው። ከዳር እስከ ዳር ዋናዎቹ ተጫዋቾች ያው አራት ሰዎች ናቸው።

ልጁ አላመነኝም፤ አለማመኑን ወደድኩለት። ስለዚህ ፈተንነው። ከዘጠኙም ሙዚቃ ጊታሩ የሚሰማበትን ጥቂት ሰከንድ መርጬ ስማቸውን ሳልነግረው አሰማሁት። ለእያንዳንዱ «ያው ሰው ነው? ሌላ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ዘጠኙንም ያው ሰው ነው አለ። በምን አወቅህ ስለው ትንሽ አሰበና «ክሩን ሲስብ ወዲያው አይደርስም፣ ይዘገያል» አለኝ። ይኸው! ጥሩ አስተያየት ማለት ይህ ነው። ቤክ ክሩን ገፍቶ ወደሚፈልገው ድምጽ ሲያደርስ መድረሻውን ያስጠብቃል፣ አንዳንዴ ትንሽ ሲቀረው ያቆመዋል፣ ሰሚው ራሱ ይጨርሰዋል። ፈንኩ ላይም፣ ለስላሳው ላይም እንዲሁ ነው።

በእርግጥ ዝብርቅርቅ የሆነ አልበም አለ። ጊታሪስቱ «ይህንንም እችላለሁ» ለማለት ብቻ በየዘፈኑ ልብስ ሲቀያይር፣ ድምጹም አጃቢዎቹም አብረው ሲቀያየሩ ያስታውቃል። ያን ጊዜ ንቀፉ፤ የት ላይ እንደሆነ እያሳያችሁ።

ፍጥነት መቁጠር

ስድስተኛውን ሙዚቃ፣ «ኮዝ ዊቭ ኤንድድ አዝ ላቨርስ» የሚባለውን፣ መግቢያውን ብቻ ደጋግማችሁ ስሙ። ፒኩ፣ ማለትም ክር የሚመታባት ትንሽ ፕላስቲክ፣ ክሩን ሲመታ አይሰማም። ድምጹ ከሌለበት ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ያብጣል፣ ከዚያ ይከስማል። የሚሆነው ይህ ነው፦ የጊታሩ ድምጽ መቆጣጠሪያ፣ ቮሊዩሙ፣ ተዘግቶ ክሩ ይመታል፣ ወዲያው ትንሿ ጣት ቮሊዩሙን ትከፍታለች። «ቀጭ» የሚለው የመመታት ድምጽ ይቀርና ክሩ በቀስት እንደተጎተተ ይሆናል። ማሲንቆ የሰማ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። ልጆቹ ጊታር ስጣቸው በሰከንድ አሥር ድምጽ ያወርዳሉ፤ ይህችን አንዲት ድምጽ ግን ሳምንት ሙሉ ሞክረው እጃቸው ቶሎ ይከፍታል ወይም ይዘገያል። ቤክ ይህን ሙዚቃ ያበረከተው ለጊታሪስቱ ሮይ ቡካናን ነው፤ ቡካናን በዚሁ ቮሊዩምን በጣት የማሳበጥ ዘዴ የታወቀ ነበር። ስለዚህ «ሶሎው ቀርፋፋ ነው» ብሎ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ካለ፣ ጊታሩን አቀብለዋለሁ።

«ትዝታ ነው!»

አሳዛኝ ዜማ በሰማን ቁጥር ትዝታ ነው እንላለን። ፍቅራችንን ያሳያል፤ ትክክል ግን አይደለም። ክራር የምትጫወት አንዲት ተማሪዬ ክራሯን በትዝታ ማይነር ቃኝታ ያንኑ ስድስተኛ ሙዚቃ ልትከተለው ሞከረች። ትንሽ ሄደችና ጣቷ አየር ላይ ቀረ። የምትፈልገው ድምጽ ክራሯ ላይ የለም። ትዝታ አምስት ድምጽ ነው፤ ይህ ሙዚቃ የብሉዝ ልጅ ነው፣ ከአምስቱ ውጭ ያሉትን እየሳበ ይረግጣል። የሚያመሳስላቸው ስሜቱና የድምጹ አመጣጥ ነው። እሱን በሉ፤ ቅኝቱን አታምታቱ።

ግጥም የለውም ብሎ ጎዶሎ ማድረግ

እዚህ ላይ አልቆጣም፤ ምክንያቱም ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እኛ ዘፈንን በግጥሙ ነው የምንመዝነው፤ ሰሙን ሰምተን ወርቁን እንፈልጋለን። ግጥም ሲጠፋ የምንይዘው ያጣን ይመስለናል። ግን ይኸው ስድስተኛው ሙዚቃ ግጥም ነበረው። የደረሰው ስቲቪ ዎንደር ነው፤ ከዚያ ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ1974 ዘፋኟ ሲሪታ ዘፍናዋለች። የሲሪታን አስቀድማችሁ ስሙና ወደ ቤክ ተመለሱ። ጊታሩ የቃሉን ቦታ ይዞ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ ሐረግ ሲያልቅ እንዴት እንደሚያርፍ ትሰማላችሁ። የራሳችን ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲያወርደው አንድ ቃል አልተናገረም፤ ግን ማን «ግጥሙ የት አለ?» አለ?

ጊታሩን ብቻ መስማት

የጊታር ተማሪ ክፉ በሽታ ይህ ነው። ማክስ ሚድልተን ኪቦርዱን ባይዘው ይህ አልበም ራቁቱን ይቀራል፤ «ፍሪዌይ ጃም»ን የደረሰውም እሱ ነው። ድራሙን የሚመታው ሪቻርድ ቤይሊ ነው፣ ቤዙን የያዘው ፊል ቼን ጃማይካ የተወለደ ሰው ነው። ሁለተኛው ሙዚቃ የቢትልስ ዘፈን ሆኖ ሳለ ወደ ሬጌ ሲያዘነብል ቤዙን አዳምጡት፤ ሰውየው እቤቱ ነው። አንድ ጊዜ ሙሉ ገጽ ጊታሩን ረስታችሁ ቤዝና ድራሙን ብቻ ስሙ። ልጆቹ መጀመሪያ ይሰለቻሉ፣ አሥር ደቂቃ ሲሞላ እግራቸው ይንቀሳቀሳል።

ከዚሁ ጋር፦ አምስተኛውን «ስካተርብሬይን»ን በችክችካ ጭብጨባ አትከተሉት። ችክችካ በስድስት ምት ይሄዳል፣ ይህ ደግሞ በዘጠኝ ነው። ሁለት ልጆች «ድራመሩ ሳተ» ብለው ተማምለውብኛል። ቁጠሩ አልኳቸው። ቆጠሩ፣ ዝም አሉ።

ጥቃቅኖቹ

ሽፋኑ ላይ የተሳለው ሌስ ፖል ጊታር ስለሆነ ሁሉንም በእሱ ነው የተጫወተው አትበሉ፤ ስድስተኛው ላይ የምትሰሙት ሌላ ዓይነት ጊታር፣ ሲመር ደንከን የሚባል ባለሙያ ወፍራም ድምጽ የሚሰጡ ፒካፖች (የክሩን ድምጽ የሚይዙ ማግኔቶች) የገጠመላት ቴሌካስተር ናት።

«ፒክ ሳይጠቀም በጣቱ ብቻ» የሚባለው ቤክ የኋለኛው ቤክ ነው፤ እዚህ አልበም ላይ ፒክ ይዟል።

በስልክ ስፒከር ሰምታችሁ «ቤዝ የለውም» አትበሉኝ፣ እባካችሁ።

የሌላ ሰው አስተያየት አንብቦ መጀመር

አልበሙን ከመስማታችሁ በፊት ሌሎች ያሉትን ካነበባችሁ የምትሰሙት የእነሱን ጆሮ ነው። ስሙ፣ ጻፉ፣ ከዚያ አንብቡ። ሐሳባችሁ ቢቀየር ቅየሩት። እኔ «ዳይመንድ ደስት»ን ባገኘሁት ጊዜ እንኳ የሚያስተኛ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ልጆቹ ሲሄዱ ብቻዬን የማስቀምጠው እሱን ነው።

አንድ ላይ ግን እስካሁን አልተስማማሁም፤ ሁለተኛው ሙዚቃ ላይ። ቤክ የጊታሩን ድምጽ በፕላስቲክ ቱቦ ወደ አፉ ያስገባና አፉን እያንቀሳቀሰ ጊታሩን ያናግረዋል። ለእኔ ዘዴው ከዜማው ቀድሞ ይሰማኛል። ይህን ስል ክራር ተጫዋቿ «ጋሼ፣ የት ላይ?» አለችኝ። ቱቦው መጀመሪያ የሚገባበት ላይ አልኳት። እሷ ደግሞ አፉ «ኧ» እና «ኦ» ሲል ክራር ላይ ልታመጣው የማትችለውን ነገር እዚያው ቦታ ላይ እንደምትሰማ ነገረችኝ። መርፌውን መልሰን አስቀመጥን። ሦስት ጊዜ ሰማነው፤ ገና አልጨረስንም፣ ቅዳሜ እንቀጥላለን።