የስልት ጨዋታን ለተመልካች ግልጽ አድርጎ ማሳየት እንዴት ይቻላል?

ኳስ ለማየት የመጣ ሰው ማን ወዴት እንደሚያገባ ሳይነገረው ያውቃል። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 የተባለውን የኮምፒውተር የጦርነት ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ግን የሚታየው መቶ ትንንሽ ሰው ሲራወጥ ነው። ማን እየመራ እንደሆነ ካልገባው ሻዩን ጨርሶ ይሄዳል። ደሴ ውስጥ በአንድ ሻይ ቤት የጓሮ ክፍል ግጥሚያ በፕሮጀክተር ማሳየት ስጀምር ይህ ደጋግሞ ደርሶብኛል።

ካርታና ቀለም ቀድማችሁ ምረጡ። ‹አረቢያ› የሚባለው ገላጣ ካርታ ይበቃል፤ ጥቅጥቅ ደን ያለባቸው ካርታዎች ውጊያውን ያዘገዩታል። ከስምንቱ ቀለማት ቀይና ሰማያዊ ብቻ ውሰዱ። አረንጓዴው ሣር ላይ ይጠፋል፤ ብርቱካናማው በደከመ ፕሮጀክተር ከቀይ ጋር ይምታታል። ተጫዋቾቹንም ‹ቀዩ›፣ ‹ሰማያዊው› እያላችሁ ጥሩ።

ተጫዋቾቹንና ተመልካቹን አንድ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ። እኔ አስቀምጬ ነበር። ተመልካቹ የሁለቱንም ወገን ያያል፤ ተጫዋቹ የሚያየው ግን የራሱ ሰዎች የደረሱበትን ብቻ ነው። የሰማያዊው ፈረሰኞች በጀርባ ሲዞሩ ከኋላ ወንበር አንዱ «መጡብህ!» ብሎ ጮኸ። ቀዩ ዞረ፤ ጦረኞቹን አሰልፎ ጠበቃቸው። ያ ግጥሚያ በጭቅጭቅ ፈረሰ፤ ሰማያዊው ልጅም ተመልሶ አልመጣም። ሁለት ክፍል ከሌላችሁ የተቀዳ ግጥሚያ አሳዩ። ነገር ግን ጨዋታው ከታደሰ በኋላ የቀድሞው ቅጂ እምቢ ሊል ስለሚችል፣ ሰው ከመምጣቱ በፊት ከፍታችሁ ሞክሩት።

ዋናው ችግር የምታሳዩትን መምረጥ ነው። እኔ ሰይፍ በተጋጨበት ሁሉ እሮጥ ነበር። አንድ ቀን በውትድርና ያረጁ አባት ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «አብሽር ልጄ፣ ውጊያውስ ይታያል፤ የእነዚህ ስንቅ ግን ከየት ነው የሚመጣው?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠራሬን ለወጥሁ። ውጊያው በሃያ ሰከንድ ያልቃል፤ ምክንያቱ ግን ከብዙ ደቂቃ በፊት ጓዳ ውስጥ ተሠርቷል።

ስለዚህ ከጓዳው ጀምሩ። ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ተጫዋች በ3 ገበሬና በ200 ምግብ ይነሳል። አንድ ገበሬ 50 ምግብ ይፈጃል፤ ለመውጣትም 25 ሰከንድ ይወስዳል። ገበሬ የሚወጣበት የከተማው ማዕከል ለ25 ሰከንድ ሥራ ከፈታ አንድ ገበሬ ጎደለ ማለት ነው። ይህን አንድ ጊዜ አስረዱና የሁለቱን የገበሬ ቁጥር ጎን ለጎን አሳዩ፤ ሰው ራሱ መቁጠር ይጀምራል። ካፕቸር ኤጅ የተባለው የመመልከቻ ፕሮግራም ይህን ያሳያል፤ ነገር ግን ስክሪኑን በቁጥር ይሞላዋል። እኔ የማሳየው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ገበሬ፣ ወታደርና የደረሱበት ዘመን። ጨዋታው ከሚጀምርበት ከጨለማው ዘመን መውጣት 500 ምግብ ስለሚጠይቅ፣ ማን ቀድሞ እንደወጣ ሲታይ ክፍሉ ይነቃቃል።

ወታደር ከቤቱ ሲወጣ ወዲያው አትከተሉት። መጀመሪያ የሚሄድበትን ቦታ አሳዩ፤ ማን አለ፣ ምን ይዟል? ከዚያ ወደ መንገደኛው ተመለሱ። ለጥቂት ሰከንድ ደግሞ እይታውን ወደ ቀዩ ብቻ ቀይሩና «ቀዩ የሚያየው ይህን ብቻ ነው» በሉ። ተመልካቹ የሚመጣውን ያውቃል፤ ቀዩ አያውቅም። ክፍሉ ጸጥ የሚለው ያኔ ነው።

ለቃላቱ አትጨነቁ፤ አማርኛ የጦር ቋንቋ ሞልቶታል። ቀድሞ የሚሰልለው ቃፊር ነው፤ ከኋላ የሚጠብቀው ደጀን ነው። በጥቅሉ ጦረኛ (ጦር የያዘ እግረኛ) ፈረሰኛን፣ ፈረሰኛ ቀስተኛን፣ ቀስተኛ ጦረኛን ይረታል፤ ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ከስክሪኑ አጠገብ ለጥፉ። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኢትዮጵያውያን ከነሾተላቸው ወደ ጨዋታው ስለገቡ፣ ለመጀመሪያ ቀን ከሁለቱ አንዱ እነሱን የያዘበትን ግጥሚያ ምረጡ። ባለ ሾተሉ ሲወጣ ሁሉም ወንበሩን ወደፊት ይስባል።

ግጥሚያው ሲያልቅ ቅጂውን ወደኋላ መልሱና የገበሬው ቁጥር የተለያየበትን ደቂቃ ፈልጋችሁ አቁሙት። «እዚህ ጋ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ከወንበሮቹ ጠብቁ።