በፐብጂ ሞባይል የቡድን ውሳኔ ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

በደብረ ማርቆስም ሆነ በፍኖተ ሰላም ፐብጂ ሞባይልን፣ ማለትም በሕይወት የቀረው የመጨረሻ ቡድን የሚያሸንፍበትን የስልክ የተኩስ ጨዋታ፣ በአራት ሆነው የሚጫወቱ ወጣቶች ከተሸነፉ በኋላ የሚያነሡት ምክንያት ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፤ ወይ ኔትወርክ፣ ወይ የተኩስ ችሎታ። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በማርቆስ ስጫወት ያስተዋልሁት ግን አብዛኛው ሽንፈት የመጀመሪያው ጥይት ከመተኮሱ በፊት፣ ማን እንደሚወስንና መቼ እንደሚወሰን ባለመታወቁ የሚመጣ መሆኑን ነው።

ችግር፦ ቡድኑ ዞኑ ሲዘጋ እየሮጠ ያልቃል

ዞኑ በካርታው ላይ በየዙሩ እየጠበበ የሚሄድ፣ ከውጭው የቀረውን የሚጎዳ ክልል ነው። ድንበሩ የሆነው ሰማያዊ ክበብ ከኋላ እየገፋቸው አራቱም መከለያ በሌለው ሜዳ ላይ ሲሮጡ፣ ቀድመው ገብተው የተቀመጡ ቡድኖች አንድ በአንድ ይጥሏቸዋል። የችግሩ ሥር ያለው በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ነው። ክበቡ የሚያደርሰው ጉዳት በየደረጃው እየጨመረ ስለሚሄድ፣ በመጀመሪያው ዙር ከክበቡ ውጭ ቆይቶ ዕቃ መሰብሰብ ብዙም አይጎዳም፤ ቡድኑም ይህን ልማድ ይዞ ወደ ኋለኞቹ ዙሮች ይሻገራል፤ በዚያም ያው መዘግየት ይገድለዋል። ኢራንጌል 8 በ8 ኪሎ ሜትር የሆነ ካርታ በመሆኑ መኪና ያላገኘ ቡድን ዘግይቶ ከተነሣ መንገዱን የመምረጥ ዕድል አይኖረውም።

መፍትሄው ቀጣዩን ዞን የሚያሳየው ነጭ ክበብ በካርታው ላይ እንደታየ፣ ዕቃ መሰብሰቡ ሳይጠናቀቅም ቢሆን፣ የሚያርፉበትን ቦታ፣ የሚገቡበትን አቅጣጫና የሚነሡበትን ሰዓት መቁረጥ ነው። ቦታ ሲመረጥ ከፍታ ይቅደም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ይህን አይስተውም፤ ከላይ የቆመ እያንዳንዱን ጥምዝምዝ ያያል፣ ከታች ያለው ግን በላዩ ማን እንዳለ አያውቅም።

ችግር፦ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹም ተከታትለው ይወድቃሉ

ይህ ከሁሉም የበለጠ ቡድን የሚያፈርስ ስህተት ነው፤ መነሻውም መልካም ስሜት በመሆኑ ለማረም ከባድ ነው። የወደቀ፣ ማለትም ተመትቶ መዳኽ ብቻ የሚችልና ካላነሡት የሚሞት ጓደኛን ጥሎ መሄድ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ስለዚህ ጓደኛው ሲወድቅ የሰማ ሁሉ ሳያስብ ወደ እርሱ ይሮጣል። ነገር ግን ወዳጅን ለማንሣት አሥር ሰከንድ ያህል ተንበርክኮ መቆየት ያስፈልጋል፣ የጣለው ጠላት ደግሞ ቦታውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ አፈሙዙን ከዚያ አያነሣም። ሁለተኛው ይወድቃል፣ ሦስተኛው ሁለቱን ለማዳን ይመጣል፤ ቆሞ የቀረው የመጨረሻው ሰው ሲወድቅ ደግሞ መላው ቡድን በአንድ ጊዜ ይሰናበታል።

የሚሠራው መፍትሄ ቅደም ተከተል ያለው ነው። ጥይቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ማንም ወደ ወደቀው አይጠጋ፤ የወደቀው ራሱ እየዳኸ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ድንጋይ ጀርባ ይጠጋ። የተኳሹ ቦታ ሲታወቅ የጭስ ቦምቡ በወደቀው ላይ ብቻ ሳይሆን በእርሱና በጠላት መካከል ይወርወር፤ ከዚያ አንዱ ያንሣ፣ ሁለቱ ይጠብቁ። የተነሣው ሰው ጤናው እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ የመጀመሪያ ርዳታው ሣጥን ደግሞ ከመቶው ከ75 በላይ ስለማያደርሰው፣ ታክሞ ሳያበቃ ጉዞ አይጀመር። ዞኑ እየዘጋ ከሆነ ግን መተው ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን ጨዋታው ሳይጀመር መነጋገር ያሻል፤ አስቀድሞ የተስማማ ሰው ወዳጆቹ ጥለውት ሲሄዱ የከዱት አይመስለውም።

ችግር፦ አራቱም ያዝዛሉ፣ ማንም አይወስንም

ብዙ ጊዜ መሪ የሚሆነው በዕድሜ ታላቁ ወይም ተኩስ የሚችለው ነው፤ ታላቅን በሰው ፊት ማረም ስለሚከብድም ስህተቱ ሳይነገር ያልፋል። በእኔ ግምት ጎበዝ ተኳሽ ለመሪነት አይመችም፤ ዓይኑ አነጣጣሪው ላይ ስለሚሆን ካርታውን አያይም። መሪነቱ ካርታ ለሚያነብ ይሰጥ፤ ሌሎቹ ትእዛዝ ትተው መረጃ ይስጡ። «እዚያ! እዚያ!» ማንንም አይረዳም፤ «165 ላይ፣ ከቀዩ ቤት ጀርባ፣ ሁለት ሰው» ግን በስክሪኑ አናት ካለው ኮምፓስ ጋር ወዲያው ይገናኛል። አራቱ አብረው የፈጸሙት መካከለኛ ውሳኔ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ከሚፈጽሟቸው ሁለት ጥሩ ውሳኔዎች ይሻላል፤ ክርክሩ ከጨዋታው በኋላ ይድረስ።

ችግር፦ ፒንግ

ፒንግ ማለት መልእክት ከስልካችን ወደ ሰርቨሩ፣ ማለትም ጨዋታውን ወደሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ ሰርቨሩ ከአገር ውጭ ስለሆነ ይህን መዘግየት ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። ከመጀመርዎ በፊት ዝቅተኛ ፒንግ የሚያሳየውን ሰርቨር ይምረጡ፤ ፒንጉ 200 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ደግሞ መዘግየቱ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ስለሆነ ከክፍል ወደ ክፍል የሚደረግ ውጊያን ትታችሁ ርቀትና መከለያ ያለበትን ምረጡ።

ችግር፦ ያው ስህተት ይደጋገማል

ቡድኑ ተሸንፎ ወዲያው አዲስ ጨዋታ ስለሚጀምር የሚማርበት ጊዜ የለም። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ለብቻው ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል፤ ለቡድን ጨዋታም እንዲህ ያለ ነገራ ያስፈልገዋል። ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ አንድ ጥያቄ በቂ ነው፦ ከመሞታችን ሁለት ደቂቃ በፊት ምን እናውቅ ነበር፣ ምንስ ወሰንን? ውሳኔው የሚመዘነው በዚያ ሰዓት በነበረው መረጃ ነው፤ መልካም ውሳኔም ይሸነፋል፣ መጥፎውም አንዳንዴ ያሸንፋል። እኛ መልሱን በደብተር መጻፍ ስንጀምር «ዘግይተን ተነሣን» የሚለው ቃል ከሁሉ በዝቶ ስላገኘነው፣ አሁን ነጩ ክበብ ሲታይ የመነሻ ሰዓቱን የሚጠራ አንድ ሰው መድበናል።