ለጌም ኮምፒውተር የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ ሆኖ የጌም ኮምፒውተሩን ራሱ የሚገጣጥም ሰው ብዙውን ዕቃ የሚያገኘው ከአዲስ አበባ በማስላክ ወይም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ በኩል በመሆኑ፣ ተሳስቶ የገዛውን ዕቃ በማግስቱ ወስዶ የመቀየር ዕድሉ ጠባብ ነው። በተለምዶ ሊኩዊድ ኩለር የምንለው የፕሮሰሰር የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ደግሞ ዋጋው ከፍ ያለ፣ በሁሉም ኬዝ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) ውስጥ የማይገባ፣ ሲበላሽም በቀላሉ የማይጠገን ዕቃ ስለሆነ፣ ስህተቱ ሳይፈጸም በፊት መታወቅ አለበት።

ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት የፕሮሰሰሩን ሙቀት ሳያጤኑ ማቀዝቀዣውን በመብራቱና በመልኩ መምረጥ ነው። ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ስሌቱ መጀመር ያለበት ከዋቱ ነው። የኢንቴል ኮር አይ5-12400ኤፍ በከፍተኛ አቅሙ ሲሠራ የሚፈቀድለት 117 ዋት ሲሆን፣ ኮር አይ9-14900ኬ ግን እስከ 253 ዋት ይደርሳል። ለመጀመሪያው ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ማለትም ያለ ፈሳሽ በብረት ክንፎችና በፋን ብቻ የሚሠራው፣ ከበቂ በላይ ነው፤ ሁለተኛው ግን ትልቅ ራዲያተር (ፈሳሹ የሚቀዘቅዝበት፣ ፋኖች የሚታሰሩበት ክንፋም ብረት) ይፈልጋል። በጌም ተጫዋቾች ዘንድ የተወደደው የኤኤምዲ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲም ቢሆን በወረቀት ላይ 120 ዋት ተብሎ ቢመደብም፣ ጌም ሲጫወቱበት የሚወስደው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት ኮምፒውተሩን ለጌም ብቻ የሚጠቀም፣ መካከለኛ ፕሮሰሰር ያለው ሰው ለፈሳሽ ማቀዝቀዣ የሚያወጣውን ብር በግራፊክስ ካርዱ ላይ ቢጨምር የበለጠ ይጠቀማል። ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም ፕሮሰሰሩን ለሰዓታት በሙሉ አቅሙ የሚያሠራ ሰው ጉዳይ ግን የተለየ ነው።

ሁለተኛው ስህተት «ፈሳሽ ከሆነ ይበልጣል» ብሎ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ራዲያተር መግዛት ነው። ይህ መጠን ከአንድ ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ እምብዛም አይሻልም፣ አንዳንዴም ያንሳል፤ ሌላ ነገር ለማይገባበት ጠባብ ኬዝ ካልሆነ በስተቀር አልመክረውም።

የመጠንን ነገር ካነሣን፣ ብዙ ሰው ከ240 በቀጥታ ወደ 360 ሲዘል በመካከል ያለውን ባለ 280 ይዘነጋዋል። ባለ 240 የሚባለው ሁለት ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋኖች፣ ባለ 280 የሚባለው ደግሞ ሁለት ባለ 140 ፋኖች የሚይዝ በመሆኑ፣ የሁለተኛው የፊት ገጽ ስፋት ከመጀመሪያው በ36 ከመቶ ገደማ ይበልጣል። ሦስት ባለ 120 ፋኖች የሚይዘው ባለ 360 ከባለ 280 የሚበልጠው ግን በ10 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ኬዝዎ ባለ 140 ፋን የሚቀበል ከሆነ ይህን አማራጭ ሳያዩ አይለፉ።

ለጎንደር ነዋሪ በተለይ የሚያስፈልገው ነጥብ የከተማዋ ከፍታ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፈሳሹ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ ወደ ራዲያተሩ ያደርሳል እንጂ ራሱ አያጠፋውም፤ በመጨረሻ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው በፋኑ የሚነፍሰው አየር ነው። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሚሆን የሚያወጣው ሙቀትም ይቀንሳል። በመሆኑም በቆላማ የውጭ ከተሞች የተሠሩ የሙከራ ቪዲዮዎች ላይ የሚታየው ቁጥር፣ የክፍሉ ሙቀት እኩል እስከሆነ ድረስ፣ እዚህ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ብሎ ቢገኝ ዕቃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በሌላ በኩል የጎንደር ቀዝቀዝ ያለ አየር ጥቂቱን ይመልሳል፤ ማንኛውም ተራ የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ ሙቀት በታች ማውረድ ስለማይችል፣ ክፍሉ በቀዘቀዘ ቁጥር ፕሮሰሰሩም አብሮ ይቀዘቅዛልና። በሁለት መጠኖች መካከል የሚያመነታ፣ ፕሮሰሰሩም ብዙ የሚሞቅ ሰው ከፍ ያለውን ቢመርጥ ይሻላል።

ቀጣዩ ስህተት ሳይለኩ መግዛት ነው። «ኬዙ 360 ይቀበላል» የሚለው ጽሑፍ በቂ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ባለ 360 ራዲያተር ከነጫፎቹ ከ390 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። ሁለተኛ፣ ከኬዙ ጣሪያ ሥር ሲታሰር የራዲያተሩ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ከፋኑ 25 ሚሊ ሜትር ጋር ሲደመር 52 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የኬዙን ጎን ከፍተው ሜትር ይያዙና ከጣሪያው ውስጠኛ ገጽ እስከ ማዘርቦርዱ የላይኛው ጠርዝ ይለኩ፤ ርቀቱ ከ52 ካነሰ ፋኑ ረጃጅም ራሞችን ወይም በማዘርቦርዱ ጠርዝ ላይ ያለውን የብረት ማቀዝቀዣ ይገፋል። የፕሮሰሰሩን ሶኬትም (በማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበትን ቦታ) አብረው ያረጋግጡ። በ2021 የመጣው የኢንቴል ሶኬት ኤልጂኤ1700 የብሎን ቀዳዳዎቹ ከቀደመው ኤልጂኤ1200 ስለሚለዩ፣ ለአሮጌው የተሠራ ማቀዝቀዣ ያለ አዲስ ማሰሪያ አይገጥምም።

የሚቀመጥበትን ቦታ ሳያስቡ መምረጥም ሌላ ስህተት ነው። በእነዚህ የተዘጉ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ትንሽ አየር ምንጊዜም አይጠፋም፤ አየር ደግሞ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ፈሳሹን የሚያዘዋውረው ፓምፕ የጠቅላላው ሥርዓት ከፍተኛ ቦታ ከሆነ አየሩ እዚያ ይከማችና ፓምፑ ይንጫጫል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ፓምፑ በብዙዎቹ ላይ ያለው ፕሮሰሰሩ ላይ በሚያርፈው ክፍል ውስጥ ስለሆነ ራዲያተሩን ከኬዙ ወለል ላይ ማሰር አይገባም። ከፊት ለፊት ከታሰረ የራዲያተሩ የላይኛ ጫፍ ከፓምፑ ከፍ ማለት አለበት። ቦታው ከፈቀደ ግን ጣሪያው ይመረጣል፤ ከፊት የታሰረ ራዲያተር የሞቀውን አየር በግራፊክስ ካርዱ ላይ ይነፋልና።

አንዳንዶች መብራት ድንገት ሲጠፋ ፓምፑ ቆሞ ፕሮሰሰሩ ይቃጠላል ብለው ይሰጋሉ። ሥጋቱ መሠረት የለውም፤ መብራት ሲጠፋ ፕሮሰሰሩም አብሮ ሙቀት ማመንጨቱን ያቆማል፣ ፓምፑ ብቻውን ቢበላሽ እንኳ ፕሮሰሰሩ ሙቀቱ ገደቡን ሲነካ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ካልበቃም ራሱን ያጠፋል። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ የሚከሰተው የኃይል መዋዠቅ ግን ለኮምፒውተሩ በሙሉ አደገኛ ስለሆነ ዩፒኤስ (በባትሪ የሚሠራ የመጠባበቂያ ኃይል መሣሪያ) ያስፈልጋል። ከዚህ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የበጋ አቧራ ነው። የራዲያተሩ ክንፎች እጅግ የተቀራረቡ በመሆናቸው አቧራ ቶሎ ይደፍናቸዋል፤ የፊት ማጣሪያው በቀላሉ ወልቆ የሚታጠብ ኬዝ ከሌለዎት የማቀዝቀዣው ትልቅነት ብቻውን አይጠቅምዎትም።

በመጨረሻ የሚነሣው ያገለገለ ማቀዝቀዣ በርካሽ የመግዛት ፈተና ነው። ያገለገለ የአየር ማቀዝቀዣ ፋኑ ቢበላሽ እንኳ ፋኑን ብቻ መቀየር ይቻላል። የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ግን ፈሳሹ በጎማ ቱቦዎቹ በኩል በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተነነ ይቀንሳል፣ አብዛኛዎቹም እንዲሞሉ ተደርገው አልተሠሩም፤ ስንት ዓመት እንዳገለገለም ከውጭ አይቶ ማወቅ አይቻልም። አዲስ ሲገዙም ቢሆን አምራቹ የሰጠው የዋስትና ዘመን እዚህ ድረስ የሚያገለግል መሆኑን ያረጋግጡ፣ ሻጩ ራሱ ስንት ወር እንደሚቀበል በጽሑፍ ያስፍሩ። ፓምፑ በተበላሸ ዕለት ምትኩ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ኮምፒውተሩ እንዳይቆም፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣ ፋን ካለ አይሽጡት፤ ከሌለ ደግሞ ለሶኬትዎ የሚሆን አንድ ርካሽ የአየር ማቀዝቀዣና በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባ አንድ ቱቦ ቴርማል ፔስት አብረው ያስመጡ።