መድኃኒትን በጉንጭ ውስጥ መስጠት፦ ለነርሶችና ለአስታማሚዎች

በጉንጭና በድድ መካከል የሚቀመጥ መድኃኒት በአፍ ስስ ሽፋን በኩል በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። ከተዋጠ ግን በጨጓራና በጉበት ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ለመሥራትም ይዘገያል። ስለዚህ ድካሙ ሁሉ መድኃኒቱ ከጉንጭ እንዳይወርድ ነው።

መጀመሪያ ትእዛዙን ያንብቡ። በጉንጭ ይሰጥ ካልተባለ ማንኛውንም ክኒን እዚያ አያስቀምጡ። ነፍሰ ጡሮች የሚወስዱት የብረት ክኒን ለምሳሌ አፍ ውስጥ ከቆየ ያቆስላል። ከምላስ ሥር የሚደረግንም በጉንጭ ከሚደረገው ጋር አያምታቱ፤ ወደ ደም የሚገቡበት ፍጥነት ይለያያል።

ቀጥሎ አፉን ይዩ። ቁስል፣ ደም ወይም እብጠት ካለ በሌላው ወገን ይጠቀሙ፤ ሁለቱም ከቆሰሉ ሳይሰጡ ሐኪም ያማክሩ። አፉ የደረቀ ከሆነ አስቀድሞ አንድ ጉንጭ ውኃ ይጠጣ፣ አለዚያ ክኒኑ ሳይሟሟ ይቀራል። ጫት ለሚቅም ታማሚ ይህ በጣም ያስፈልገዋል፤ ጫት አፍ ያደርቃል፣ ቅጠሉም ከጉንጭ ጥግ ይቀራል። ተጉመጥምጦ አፉ ይጽዳ።

እጅዎን ታጥበው ያድርቁ፣ ጓንት ያድርጉ። እርጥብ ጣት ክኒኑን ገና ሳይገባ ያሟሟዋል። ታማሚውን ቀና አድርገው ያስቀምጡ። በአንድ ጣት ጉንጩን ወደ ውጭ ሳብ አድርገው ክኒኑን ከኋለኛው መንጋጋ ጥርስ አጠገብ፣ በድድና በጉንጭ መካከል ያስገቡ፤ ትክክለኛው ቦታ ከመድኃኒት መድኃኒት ስለሚለይ ማሸጊያው ውስጥ ያለውን ወረቀት ይከተሉ። ከዚያ አፉን ይዝጋ። አያኝከው፣ አይምጠጠው፣ በምላሱ አይነካካው። ብዙ ክኒን ለመሟሟት ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። እስከዚያ ምግብ፣ ውኃ፣ ሲጋራ የለም፤ ትኩስ ቡና ደግሞ ከሁሉ በፊት ያጥበዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ጉንጩን ይቀይሩ፤ አንዱ ላይ መደጋገም ያቆስላል።

በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ነገሩን አስቀድሞ መንገር ግማሽ ሥራ ነው፤ አብዛኛው ሰው ክኒን የሚያውቀው በውኃ ሲዋጥ ነውና። «እማማ፣ እንዳይውጡት፤ እዚያው ይቀመጥ፣ ራሱ ይሟሟል» ይበሉ፤ ከ5 ደቂቃ በኋላም ጉንጩን ገልጠው ይዩ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፌን አልፈታም የሚሉ ካሉ ሳይከራከሩ ከሐኪሙና ከንስሐ አባታቸው ጋር ያገናኟቸው። ሰዓቱን በራስዎ አያዛውሩት።

ነቅቶ መዋጥና መናገር ለማይችል ሰው ክኒን በጉንጭ አይሰጥም፣ ያንቀዋል። የሚጥል በሽታ ሲነሳ የሚሰጠው ፈሳሽ ሚዳዞላም ግን ለዚህ የተዘጋጀ ስለሆነ ይለያል።

መንቀጥቀጡ ሲጀምር ሰዓት ይያዙ። ሐኪሙ በጽሑፍ ሌላ ካላዘዘ መድኃኒቱ የሚሰጠው 5 ደቂቃ ካለፈ ነው። በክብሪት ጭስ ማጠን አይጠቅምም፣ ትንፋሽ ያውካል፤ በጥርስ መካከል ማንኪያ ወይም ቁልፍ ማስገባትም ጥርስ ይሰብራል። መንጋጋውን መክፈት ጭራሽ አያስፈልግም፤ ጉንጭና ድድ ጥርስ ተገጥሞም ይደረስባቸዋል። በጎኑ ያስተኙት፣ አረፋውን ይጥረጉ፣ መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ ክዳኑን አውልቀው (ክዳኑ አፍ ውስጥ ከቀረ ያንቃል) በታችኛው ድድና በጉንጭ መካከል ያስገቡ። ቀስ ብለው ይግፉ። መጠኑ ብዙ ከሆነ ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ጉንጭ ያድርጉ። በኃይል ከተገፋ ወደ ጉሮሮ ይፈስሳል።

በጣም የሚያሰጋው ስህተት የመጠን ነው። ሚዳዞላም በተለያየ ጥንካሬ ይመረታል፤ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ሚሊግራም ያለውም 10 ሚሊግራም ያለውም አለ። 10 ሚሊግራም ለመስጠት ከመጀመሪያው 2 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለተኛው 1 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በሚሊ ሊትር ብቻ የለመደ ሰው ጠርሙሱ ሲቀየር እጥፍ ሊሰጥ ይችላል። የተለመደው መጠን ከ1 እስከ 4 ዓመት 5፣ ከ5 እስከ 9 ዓመት 7.5፣ ከ10 እስከ 17 ዓመት 10 ሚሊግራም ነው፤ ለእርስዎ ሕመምተኛ ግን የታዘዘው ብቻ ይሠራል። ጠላ፣ አረቄ ወይም ሌላ የሚያስተኛ መድኃኒት ወስዶ ከሆነ ትንፋሹ ይበልጥ ሊደክም ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ።

ከሰጡ በኋላ ከአጠገቡ አይለዩ። ደረቱ ሲነሳና ሲወርድ ይመልከቱ። ትንፋሹ ከሳሳ ወይም ከንፈሩ ሰማያዊ ከመሰለ አገጩን ቀና አድርገው የአየር መንገዱን ይክፈቱ፣ እርዳታ ይጥሩ። መንቀጥቀጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልቆመ ሁለተኛ መጠን ራስዎ አይስጡ፤ ወደ ጤና ተቋም ያድርሱት። እስኪነቃ ድረስ ውኃም ጸበልም በአፉ አያድርጉ። በጣና ደሴቶች ለሚኖሩ ቤተሰቦች ጀልባ እስኪገኝ ሰዓታት ሊያልፉ ስለሚችሉ መድኃኒቱ በጊዜ መታዘዙና ቤት መገኘቱ ነፍስ ያድናል። በጀልባ ላይም ከጫፍ አርቀው በጎኑ ያስተኙት። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ብቻውን በታንኳ አይውጣ።

ለጤና ባለሙያ ብቻ፦ የደም ስኳሩ ለወረደ ጨቅላ 40 በመቶ የግሉኮስ ጄል በኪሎ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ለ3 ኪሎ ሕፃን 1.5 ሚሊ ሊትር፣ በደረቀ ጉንጩ ውስጥ በጓንት ጣት ይቀባል፤ ወዲያው ጡት ይጥባ፣ ስኳሩም እንደገና ይለካ።

ማከማቻውን አይርሱ። አብዛኛው መድኃኒት ከ25 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ ይታዘዛል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በባሕር ዳር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ከዚያ ያልፋል። መደርደሪያውን ከጣሪያና ከመስኮት ያርቁ። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ክኒን ስለሚያላሽቅ ከማሸጊያው የሚወጣው ሊሰጥ ሲል ብቻ ነው። በቀላሉ የሚፈረፈርን ክኒን ገፍተው አያውጡ፤ ከጀርባው ያለውን ፎይል ይላጡ።

የሰጡበትን ሰዓት፣ መጠንና ጉንጭ ወረቀት ላይ ይጻፉና ወረቀቱን ከታማሚው ጋር ይላኩ።