የዱር በርበሬን ዝርያ እንዴት መለየት ይቻላል?

የዱር በርበሬ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ከአሪዞና እስከ አርጀንቲና። እኛ አገር አጥር ጥግ ማንም ሳይዘራው የበቀለ ሚጥሚጣ ብታዩ ወፍ የጣለው የጓሮ ዘር ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ወደዚያ ለሚሄድ ወይም ከዘር ሰብሳቢዎች አግኝቶ ለዘራ ሰው ነው።

መጀመሪያ በርበሬ መሆኑን አረጋግጡ። እምቧይን የመሰሉ መርዛማ ዘመዶች ስላሉት መቅመስ የለም! አበባውን በአጉሊ መነጽር እዩ። የበርበሬ የአበባ ዱቄት መያዣዎች በጎናቸው ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃሉ። የእምቧይ ግን ጫፉ ላይ ብቻ ቀዳዳ ያወጣል።

ፍሬውን ለጊዜው ተዉት። አብዛኞቹ የዱር ዝርያዎች ፍሬያቸው አተር የምታህል ስለሆነች ታሳስታለች። ዋናው ነገር የአበባው ቀለም ነው።

ቢጫ ከሆነ ካፕሲከም ሮምቦይዴዩም ሊሆን ይችላል (ካፕሲከም የበርበሬ ወገን ሳይንሳዊ ስም ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትን ዝርያዎች በሁለተኛ ስማቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ)። ከሜክሲኮ እስከ ፔሩ ይገኛል፤ ፍሬው አያቃጥልም። ሐምራዊ ከሆነ ቅርጹን እዩ። እንደ ደወል ከተንጠለጠለ የቦሊቪያው ካርዴናሲ፣ እንደ ኮከብ ከተከፈተ ኤክሲሚየም ነው ብላችሁ ጀምሩ። ሁለቱ ስለሚዳቀሉ ግን መሀል ላይ ያለ መልክ ቢያጋጥም አይግረማችሁ።

ነጭ አበባ ነው ራስ የሚያዞረው። ቅጠሉን ዳስሱት። ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ጸጉር ካለው ከጋላፓጎስ ደሴቶች ውጭ በዱር የማይበቅለው ጋላፓጎኤንሴ ሊሆን ይችላል። በነጩ ላይ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ነጠብጣብ ካለ ደግሞ ባካተም ወደሚባለው ዝርያ ወይም ወደ ብራዚል ዝርያዎች ሂዱ።

ከዚያ ፍሬውን ሰንጥቃችሁ ዘሩን እዩ። ብዙዎቹ ገለባ የመሰለ ዘር አላቸው። በብራዚል የአትላንቲክ ደን የሚበቅሉት አብዛኞቹ ግን ዘራቸው ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፤ ክሮሞዞማቸውም እንደ ብዙዎቹ 24 ሳይሆን 26 ነው። ፍሬያቸው ሲበስል አረንጓዴ ቢጫ ስለሚሆን ገና ጥሬ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት።

ማቃጠሉን ግን እንደ መለያ አትቁጠሩት። ቦሊቪያ ውስጥ ቻኮኤንሴ ከሚባለው ዝርያ አንዱ ተክል ያቃጥላል፣ አጠገቡ ያለው ያው ዝርያ አያቃጥልም።

በመጨረሻ አበባውን ከፊትና ከጎን፣ ፍሬውንና ዘሩን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሱ። ቦታውንና ከባሕር ጠለል ያለውን ከፍታ ጻፉ። ተክሉን አትንቀሉ። ከጓሮ በርበሬ አጠገብ ካደገ ተክል የተለቀመ ዘር ከሆነ ድቅል ሊሆን ስለሚችል፣ ይህንንም አብራችሁ መዝግቡ።