የዓይን ብሌን ልገሳን ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዓይን ብሌን ልገሳ ሰው ካረፈ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ማለቅ ያለበት ሥራ ነው። ሰዓቱ ባለፈ ቁጥር ብሌኑ እየደፈረሰ፣ ሕዋሳቱ እየሞቱ ይሄዳሉ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚበሉት ይህንኑ ሰዓት ነው።

«ዓይናችሁን ለግሱ» ብሎ መጀመር

ብሌን ሲባል ብዙ ሰው ጥቁሩን ክብ፣ ሌላውም መላውን ዓይን ያስባል። ስለዚህ ገና ከመነሻው ሬሳው ጎድጓዳ ዓይን ይዞ ሲገነዝ ይታየዋል። የሚለገሰው ግን ከዓይን ፊት ያለው፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጥርት ያለ ሽፋን ነው። የእጅ ሰዓት አውልቃችሁ አሳዩ፤ መስታወቱ ከተጫረ ውስጡ ቢሠራም ሰዓቱ አይነበብም። አንዳንድ ጊዜ ባለሙያው ዓይኑን ሙሉ ሊያነሣ ይችላል፤ ያኔም ቦታው ተሞልቶ ቆቡ ይከደናል፣ ፊቱ አይበላሽም። ይህን ደብቆ ማለፍ ኋላ ላይ እምነት ያሳጣል። ብሌን የደም ሥር ስለሌለው የደም ዓይነት ማዛመድ አያስፈልግም፤ የአንድ ሰው ልገሳ ለሁለት ሰዎች ይደርሳል።

ለዓይነ ስውር ሁሉ ብርሃን ቃል መግባት

ንቅለ ተከላው የሚጠቅመው ብሌኑ ለተጠባሰ ወይም ቅርጹ ለተበላሸ ሰው ነው። ግላኮማ የዓይን ነርቩን ለጎዳበት፣ የውስጠኛው የዓይን ክፍል ለተበላሸበት አይሆንም። የዓይን ሞራ ደግሞ ሌላ ሕክምና አለው። በእኛ አካባቢ ብሌን የሚያጠፋው በአብዛኛው ትራኮማ፣ የእሾህና የአገዳ ውጊያ፣ ከዚያም ቤት ውስጥ የተጨመረ መድኃኒት ያመጣው ኢንፌክሽን ነው። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ዞሮ የሚወጋው ሰው አስቀድሞ ቆቡ መስተካከል አለበት፤ ያለዚያ የተተካውም ብሌን ዳግም ይጠባሳል። ስለዚህ በመድረኩ ላይ ስለ ልገሳ ብቻ ተናግራችሁ አትውረዱ፤ ዓይኑ የሚቆረቁረውን ሰው ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ላኩት።

ኩላሊትንና ብሌንን በአንድ ቅጽ መጥራት

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በሕይወት ካለ ዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ነው። «ስሞት ኩላሊቴን» የሚል ቃል ማስፈረም ሰውን ማሳሳት ነው። አካል መሸጥና መግዛት ወንጀል እንደሆነም በግልጽ ንገሩ።

የዕድሜና የጤና መመዘኛውን ከደም ልገሳ መውሰድ

ደም ለመለገስ ከ18 እስከ 65 ዓመት ይባላል። ብሌን ላይ ይህን ስትደግሙ ፈቃደኛ የሆኑትን አዛውንት ከደጅ ትመልሳላችሁ። መነጽር ማድረግ፣ ስኳር፣ የደም ግፊት፣ የዓይን ሞራ አይከለክሉም። የሚከለክሉት ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ የደም ካንሰርና መላ ሰውነትን ያዳረሰ ኢንፌክሽን ናቸው። ለዚህም ከሟቹ ጥቂት ደም ተቀድቶ ይመረመራል፤ ቤተሰቡ ይህን አስቀድሞ ካልሰማ በዚያ ሰዓት ይደነግጣል።

ቅጽ አስሞልቶ መሄድ

ትልቁ ስህተት ይኸ ነው። የፈረመው ሰው ሲያርፍ ካርዱ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ለዓይን ባንኩ፣ ማለትም የተለገሰውን ብሌን ተቀብሎ ለሚያስቀምጠው ተቋም፣ ስልክ የሚደውሉት ሚስቱ ወይም ልጁ ናቸው። እነሱ ካላወቁ ወይም እምቢ ካሉ ፊርማው ከወረቀት አያልፍም። ቃል የገባ ሰው በዚያው ሳምንት ቡና ላይ ቤተሰቡን ሰብስቦ እንዲናገር፣ የሁለት ዘመድ ስልክ በቅጹ ላይ እንዲያስመዘግብ አድርጉ። ከዚያ ወደ ቅሬው ሂዱ። ወሎ ውስጥ ሬሳ ሲወጣ ሥራውን የሚይዘው ቅሬ ነው፤ የቅሬው ኃላፊዎች የባንኩን ስልክ ከያዙ ሐዘንተኛው ቢረሳ እንኳ የሚያስታውስ አለ። ከመታጠብና ከመገነዝ በፊት መደወል እንዳለበት ለእነሱ ደጋግማችሁ ንገሩ።

ርቀቱን አለመናገር

የዓይን ባንኩ አዲስ አበባ ነው፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከዚያ ተነሥቶ በመኪና የሚመጣ ባለሙያ በ6 ሰዓት ውስጥ ደርሶ ሥራውን ይጨርሳል ማለት ዘበት ነው። ዘመቻ ከመጀመራችሁ በፊት ባንኩን ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ብሌን ለማንሣት የሠለጠነ ባለሙያ አለ ወይ? ሌሊት የሚነሣው ስልክ የትኛው ነው? መልሱ «የለም» ከሆነ፣ ቃሉ የሚሠራው ለሕክምና ሄደው አዲስ አበባ ለሚያርፉ እንደሆነ ለሰው በሐቅ ንገሩ። የተነሣ ብሌን በልዩ ፈሳሽ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ እስከ 14 ቀን ይቆያል። እንግዲህ መንገዱ ራሱ አያግድም፤ የሚጎድለው እዚሁ ሆኖ የሚያነሣ እጅ ነው። ጤና ቢሮውንም ሆነ ዩኒቨርሲቲውን መወትወት ያለብን በዚህ ነው።

ፈትዋና ቀኖና ከራስ አፍ ማውጣት

ጅዳ ላይ በ1988 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) አካዳሚ የሟች አካል በሟቹ ወይም በወራሾቹ ፈቃድ ለሌላው እንዲተካ በገደብ ፈቅዷል። በዚህ የማይስማሙ ዑለሞችም አሉ። ሁለቱንም ሳትደብቁ፣ መልሱን ለሰፈሩ ሼህ ተዉ፤ በክርስቲያኑ በኩል እንዲሁ ለንስሐ አባት። ሁለቱን አስቀድማችሁ ለብቻ አነጋግሩ እንጂ መድረክ ላይ ድንገት አትጠይቁ። ጀናዛውን ማፋጠን ለሚሻው ቤተሰብ ሥራው ከተጀመረ አንድ ሰዓት እንደማይሞላ ንገሩት።

ባለሙያው እስኪደርስ ምን ይደረግ የሚለውን መዝለል

ሐኪም ሞቱን ያረጋግጥ፤ ወዲያው ይደወል። ሁለቱም ቆቦች ይከደኑ፣ በንጹሕ ውኃ የራሰ ጥጥ ወይም ጨርቅ ይደረብባቸው፣ ሲደርቅ ይለወጥ። ራስ በትራስ ከፍ ይበል፤ ይህ ደም ወደ ዓይን እንዳይወርድና ቆቡ እንዳያብጥ ነው። ቆላ ቀመሷ ኮምቦልቻ ላይ ማራገቢያ (ቬንቲሌተር) ከተከፈተ ይጥፋ፣ ነፋሱ ብሌኑን ያደርቀዋል። ዓይን ውስጥ ምንም ጠብታ አይጨመር።