የእርግዝና ስኳርን በምግብና በልኬት መቆጣጠር
በእርግዝና ጊዜ የስኳር ሕመም የታየባት እናት፣ ሐኪሟ የተለየ ገደብ ካልሰጣት በቀር፣ የደሟ የስኳር መጠን ቁርስ ከመብላቷ በፊት ከ95፣ መብላት ከጀመረች ከ1 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ140 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች እንዲሆን መጣር ይኖርባታል፤ ልኬቱን ከበላችው ምግብ ጋር በደብተር ብትመዘግብ የትኛው ምግብ እንደሚያስቸግራት በቀላሉ ይለያል። እንጀራን ጨርሶ መተው አያስፈልግም፤ መጠኑን ቀንሶ ምስር፣ ጎመን ወይም እንቁላል መጨመር ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይልቁንስ በሻይና በቡና የሚገባው ስኳር፣ እንዲሁም ጤናማ መስሎ የሚቀርበው የፍራፍሬ ጭማቂ ነው። ሐኪም ካልከለከለ ከምግብ በኋላ ለ15 ደቂቃ ያህል በእግር መንሸራሸር ስኳሩን ለማውረድ ይረዳል። በዚህ ካልተስተካከለ ኢንሱሊን ሊታዘዝ ይችላል፤ ይህም እንደ እናትየው ጥፋት ሊቆጠር አይገባም። ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና መመርመር አለባት።